የስናፕድራገን ላፕቶፕ ከመግዛትዎ በፊት ማወቅ ያለብዎ

እ.ኤ.አ. ከ2024 አጋማሽ ጀምሮ በኳልኮም ስናፕድራገን ኤክስ የሚሠሩ የዊንዶውስ ላፕቶፖች ገበያ ላይ ውለዋል። ቀላል ናቸው፤ ባትሪያቸውም ይቆያል። ገዝተው ወይም ዘመድ ከአሜሪካ ልኮልዎ ለቢሮ ሥራ ሊያውሉት ካሰቡ ግን አስቀድመው የሚያጣሩት ነገር አለ።

የቆዩ የዊንዶውስ ፕሮግራሞች የተሠሩት ለኢንቴልና ለኤኤምዲ ፕሮሰሰሮች ነው፤ ስናፕድራገን ደግሞ የአርም ትእዛዝ እንጂ የእነርሱን አያውቅም። ስለዚህ በዊንዶውስ 11 ውስጥ ያለው ፕሪዝም የተባለ አስተርጓሚ በመሃል ገብቶ ትእዛዙን ይተረጉማል፤ የተረጎመውንም ለሌላ ጊዜ ያስቀምጣል። ፕሮግራሙ መጀመሪያ ሲከፈት ቢዘገይ ቶሎ አይፍረዱበት፤ ደግመው ይክፈቱት።

የትኛው ፕሮግራም እየተተረጎመ እንደሚሠራ ለማየት ታስክ ማናጀር ውስጥ «ዲቴይልስ» የሚለውን ይክፈቱና «አርክቴክቸር» የተባለውን ዓምድ ይጨምሩ። «አርም64» የሚል ከሆነ ያለ ትርጉም ይሠራል፤ «ኤክስ64» ወይም «ኤክስ86» ከሆነ በትርጉም ነው። እዚያው የሲፒዩውን ፍጆታ ይከታተሉ፤ ባዶ ፋይል ከፍተው ግን አይደለም። የሂሳብ ፕሮግራም ከሆነ የዓመቱን መዝገብ ጭነው ሪፖርት ያስወጡበት።

ብዙ ሰው የሚቸገረው በድራይቨር ነው። ፕሪዝም ድራይቨር አይተረጉምም። ፕሮግራሙ ራሱ ደህና ሊሠራ ይችላል፤ ፈቃዱን የያዘው የዩኤስቢ ዶንግል ለአርም የተዘጋጀ ድራይቨር ከሌለው ግን አይከፈትም። አንዳንድ ፕሪንተሮች ዊንዶውስ በያዘው ድራይቨር ያትማሉ፤ የቆዩ ስካነሮችና የደረሰኝ ማተሚያዎች ግን አንድ በአንድ መሞከር አለባቸው።

የአማርኛ ጽሑፍም ያሳስበኛል። ዊንዶውስ የራሱ የአማርኛ ኪቦርድ አለው። ለብቻው የሚጫን የግዕዝ መጻፊያ የለመዱ ከሆነ ግን ማይክሮሶፍት ራሱ የሚያስጠነቅቀውን ይስሙ፦ የፊደል ማስገቢያ ፕሮግራሞች ለአርም ካልተዘጋጁ ላይሠሩ ይችላሉ። ጸሐፊዎ ቀኑን ሙሉ የምትተይብበትን ፕሮግራም እርሷው ራሷ ትሞክረው፤ ወርድ ውስጥም፣ ብራውዘር ውስጥም።

ያገለገለ የአርም ላፕቶፕ ከዊንዶውስ 10 ጋር ቢቀርብልዎ፣ እርሱ የሚተረጉመው የ32 ቢት ፕሮግራሞችን ብቻ ነው። የ16 ቢት ፕሮግራም ግን በአርም ላፕቶፕ ላይ በዊንዶውስ 10ም ሆነ በ11 አይሠራም።

ሻጩ በራስዎ ፕሮግራምና በራስዎ ፕሪንተር እንዲሞክሩ ካልፈቀደ አይክፈሉ። ሥራዎ በዶንግል የሚከፈት ከሆነና አምራቹ የአርም ድራይቨር ካላወጣ፣ ኢንቴል ወይም ኤኤምዲ ያለውን ይግዙ።