የሚያስቀውን ሰው ማን ይጫወተው?

(ሌላ ካልተጠቀሰ በቀር ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጥያቄው

ንጉሥ ሆኖ የሚጫወት ተዋናይ ዘውድ ይደፋል፤ ቦክሰኛ ሆኖ የሚጫወት ወራት ሙሉ ቡጢ ይለማመዳል። ኮሜዲያን ሆኖ የሚጫወትስ? ተመልካቹ ንጉሡ አገር መግዛት ይችል እንደሆነ አይፈትንም። ኮሜዲያኑ ግን ካላሳቀው እዚያው ወንበሩ ላይ እንዳለ ይፈርድበታል። ሰውዬው የቴሌቪዥን ሰው ሲሆን ደግሞ ፈተናው ይብሳል። የድሮ መድረክ ቀልደኛ ትዝታ ብቻ ትቶ ይሄዳል፤ የቴሌቪዥኑ ግን ቅጂው አለ፤ የፈለገ ሁሉ ከፍቶ ያወዳድራል።

ለዚህ ማብራሪያ ዋና ምሳሌ የማደርገው በ2024 የወጣውን የጄሰን ራይትማንን ፊልም «ሳተርደይ ናይት»ን ነው። ታሪኩ የአንድ ምሽት ታሪክ ነው፤ ቅዳሜ ኦክቶበር 11 ቀን 1975፣ በእኛ መስከረም 30 ቀን 1968 ዓ.ም.። ኒው ዮርክ፣ ሮክፌለር ፕላዛ፣ የኤንቢሲ ስቱዲዮ 8ኤች። ፊልሙ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ይጀምርና 5 ሰዓት ተኩል ሲሆን፣ ፕሮግራሙ አየር ላይ ሲወጣ ያበቃል። ያ ፕሮግራም ዛሬም በየቅዳሜው የሚታየው «ሳተርደይ ናይት ላይቭ» ነው። (ያኔ ስሙ «ኤንቢሲስ ሳተርደይ ናይት» ነበር፤ ተፎካካሪው ኤቢሲ የአሁኑን ስም ለራሱ ትርኢት ቀድሞ ወስዶት ነበርና።)

ፊት ቀላሉ ክፍል ነው

ተማሪዎች ስለ ተዋናይ ምደባ ሲወያዩ መጀመሪያ የሚያነሡት «ይመስላል ወይስ አይመስልም?» የሚለውን ነው። መልክ ግን በገንዘብ የሚገዛ ነገር ነው። በ2018 «ስታን ኤንድ ኦሊ» በተባለው ፊልም ጆን ሲ. ራይሊ ኦሊቨር ሃርዲን ሲጫወት ሰው ሠራሽ አገጭና ሰፊ ሰውነት ተገጥሞለት ነበር፤ ሜካፑ ያስደንቃል። ሜካፕ የማይሰጠው ነገር ግን ቀልዱ መቼ እንደሚወረወር ማወቅን ነው። ኮሜዲያን ከኮሜዲያን የሚለየው በጊዜ አጠባበቁ ነው፦ ከመናገሩ በፊት ምን ያህል ዝም ይላል? ሰው ሲስቅ ዝም ብሎ ያያል ወይስ ደርቦ ይናገራል? ሲሰደብ ፈገግ ይላል ወይስ ይኮሳተራል?

ለዚህ ከሁሉ የሚሻለው ማስረጃ ያለው ከፊልም ይልቅ እዚያው «ሳተርደይ ናይት ላይቭ» ውስጥ ነው። የፕሮግራሙ ተዋናይ ቼቪ ቼዝ በመጀመሪያው ዓመት ፕሬዚዳንት ጄራልድ ፎርድን ሲጫወት ሜካፕ አልተቀባም፤ ድምፁንም ለመምሰል አልሞከረም። ያደረገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ወደቀ። ፎርድ በ1975 ኦስትሪያ ውስጥ ከአውሮፕላን ደረጃ ሲወርዱ ተንሸራተው ነበር፤ ቼዝ ያችን አንዲት ነገር ይዞ ጠረጴዛ ላይ፣ መሰላል ላይ፣ መድረክ ላይ ወደቀ። ሰዉም ገባው። የፎርድ ቃል አቀባይ ሮን ኔሰን በ1976 ራሱ ፕሮግራሙን ሊመራ ስቱዲዮ 8ኤች ድረስ መጣ፤ ፎርድም ለዚያው ምሽት በቴፕ ተቀርፀው ታዩ። ቼዝ ፎርድን በመልክ አንድም ቀን አልመሰላቸውም፤ ግን ብዙ አሜሪካውያን ፎርድን ሲያስቡ የሚታያቸው የቼዝ አወዳደቅ ሆነ።

ተቃራኒውን መንገድ በግልጽ የቀለደበት ፊልም አለ። በ2018 የወጣው «ኤ ፊውታይል ኤንድ ስቱፒድ ጀስቸር» ስለ «ናሽናል ላምፑን» መጽሔት ሰዎች ነው፤ ተራኪው ራሱ ተዋንያኑ እውነተኞቹን ሰዎች እንደማይመስሉ ለተመልካቹ ይነግረዋል። እዚያ ቼቪ ቼዝን የተጫወተው ጆኤል ማክሄል ነው፤ «ኮሚዩኒቲ» በተባለው ተከታታይ ከራሱ ከቼዝ ጋር ለዓመታት የሠራ ሰው። ከሜካፕ ሁሉ የሚበልጥ ጥናት ይሉታል ይህን።

ቀልዱን ተመልካቹ ያውቀዋል

ሳቅ ከድንገት ይመጣል። ሃምሳ ዓመት የቆየ ቀልድ ግን ድንገትነቱን ጨርሷል፤ በቃሉ የሚያውቀው አለ፣ ያላየውም ቢሆን ታዋቂ መሆኑን ሰምቷል። ስለዚህ ተዋናዩ ያንኑ ቀልድ ደግሞ ሲጫወተው፣ የቱንም ያህል ጎበዝ ቢሆን፣ የምናደንቀው ቅጂነቱን ነው። «አወይ፣ ቁርጥ እሱን!» እንላለን። አንስቅም።

መውጫው ካሜራውን ከቀልዱ በፊት ወዳለው ጊዜ ማዞር ነው። በ2021 አሮን ሶርኪን «ቢይንግ ዘ ሪካርዶስ»ን ሲሠራ ያደረገው ይህንን ነው። ኒኮል ኪድማን የ«አይ ላቭ ሉሲ» ትርኢት ኮከብ ሉሲል ቦልን እንደምትጫወት ሲሰማ ብዙ የትርኢቱ ወዳጆች ተቆጥተው ነበር፤ «የት ትመስላትና!» አሉ። ፊልሙ ግን ሉሲን በካሜራ ፊት የሚያሳየን ለአጭር አጭር ጊዜ ነው። አብዛኛው ስክሪፕት ንባብ፣ ልምምድና ጭቅጭቅ ነው። ሴትዮዋ አንዲት የእራት ጠረጴዛ ትዕይንት «አልተስተካከለችም» ብላ ሌሊት ሳይቀር ታስባለች። ኪድማን የምትጫወተው ቀልዱን የምትፈታና የምትገጥም ባለሙያን ነው፤ ለዚህ ደግሞ የሉሲ ፊት ብዙም አያስፈልግም። ኪድማን፣ የትርኢቱን ባልደረባ ዴሲ አርናዝን የተጫወተው ሃቪዬር ባርደምና ሌላውን ባልደረባ ዊልያም ፍሮሊን የተጫወተው ጄ.ኬ. ሲመንስ ሦስቱም ለኦስካር ታጩ።

«ሳተርደይ ናይት» ይህን ሐሳብ እስከ ጫፍ ወስዶታል። ፕሮግራሙ ሲጀምር ፊልሙ ያልቃል። ስለዚህ ማት ውድ ከፕሮግራሙ ኮሜዲያን አንዱን፣ ጆን ቤሉሺን ሲጫወት ቤሉሺ ያሳቀበትን ሁሉ እንዲደግም አይጠየቅም። የሚጠበቅበት ማኩረፍ ነው፤ ኮንትራቱን አልፈርምም ብሎ ማስጨነቅ ነው። በእውነተኛው ምሽትም ቤሉሺ የፈረመው አየር ላይ ሊወጡ ጥቂት ደቂቃ ሲቀር ነበር። ውድ ብዙ አያወራም። ዝም ብሎ ሲቆም ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ዓይኑን ከሱ አይነቅልም፤ ቤሉሺን ቤሉሺ ያሰኘው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ።

የዝና መሰላል

ስለዚህ ፊልም ብዙ ያልተነገረለት የምደባ ብልሃት ይህ ይመስለኛል።

በ1975 የፕሮግራሙ ተዋንያን ቡድን የሚታወቅ አልነበረም። ዳን አክሮይድና ላሬን ኒውማን 23፣ ቤሉሺ 26፣ ጄን ከርቲን 28፣ ጊልዳ ራድነር 29 ዓመታቸው ነበር። አዘጋጁ ካናዳዊው ሎርን ማይክልስ 30። ዛሬ እነዚህን ስሞች ስንሰማ የኮሜዲ ታላላቆችን እናስባለን፤ ያን ምሽት ቴሌቪዥኑን የከፈተ ሰው ግን «እነዚህ ደግሞ ማን ናቸው?» ነበር የሚለው። ራይትማን በእነዚህ ቦታዎች ላይ እጅግ ዝነኛ ኮከቦችን ቢያስቀምጥ ኖሮ ይህ ስሜት ይጠፋ ነበር። ስለዚህ ብዙዎቹ ለሰፊው ተመልካች አዲስ ወይም ገና በመውጣት ላይ ያሉ ፊቶች ናቸው፤ ኮሪ ማይክል ስሚዝ፣ ኤላ ሃንት፣ ኤሚሊ ፌርን፣ ኪም ማቱላ። ማይክልስን የተጫወተው ጋብሪኤል ላቤል ፊልሙ ሲቀረፅ 21 ዓመቱ ነበር። ለ30 ዓመት ሰው ልጅ ነው፤ ግን አለቆቹ ፊት ሲቆም ልጅ መምሰሉ ነው የሚፈለገው።

አሁን ወደ ላይ እንውጣ። ያን ጊዜ በዝና የገነኑትን፣ ሥልጣን የያዙትን እነማን ተጫወቱ? የመጀመሪያውን ምሽት የመራውን ጆርጅ ካርሊንን ማቲው ሪስ፤ የኤንቢሲውን ባለሥልጣን ዴቪድ ቴቤትን ዊለም ዴፎ፤ «ሚስተር ቴሌቪዥን» ይባል የነበረውን አንጋፋውን ሚልተን በርልን ጄ.ኬ. ሲመንስ። ወጣቶቹ ኮሪደሩ ላይ እነዚህን ሲያገኙ ተመልካቹም አብሮ ይደነግጣል፤ ምክንያቱም እነዚህን ፊቶች ያውቃቸዋል። በ1975 የነበረው የዝና መሰላል በ2024 ተዋንያን እንደገና ተተከለ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ለታሪክ ተማሪዎች አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። በርል ፊልሙ ውስጥ የሚያደርገውን ሁሉ በእውነተኛው ምሽት አላደረገም፤ እሱ ይህን ፕሮግራም የመራው በ1979 ነው፣ ያም ሳይሰምር ቀረ። ራይትማን ያስገባው በ1948 የጀመረውን የቴሌቪዥን ዘመን በአካል ለማቆም ነው። ሲመንስ ራሱ ከሦስት ዓመት በፊት ፍሮሊን የተጫወተ መሆኑ ደግሞ የአሮጌውን ቴሌቪዥን ሽታ ይዞለት ይመጣል።

ከመሰላሉ ውጭ የቆመ አንድ ሰው አለ፤ ጋሬት ሞሪስ። በቡድኑ ውስጥ ብቸኛው ጥቁር፣ 38 ዓመቱ፣ በሙዚቃ የተማረ ድምፃዊ፣ ብሮድዌይ ላይ የሠራ። እሱን የተጫወተው ላሞርን ሞሪስ ነው፤ የአባት ስማቸው ቢገጥምም ዘመድ አይደሉም። ጋሬት በፊልሙ ምሽቱን ሙሉ «እኔ እዚህ ምን እሠራለሁ?» እያለ ይዞራል። ላሞርን ራሱ ኮሜዲያን ሆኖ ሳለ ቀልዱን ቆጥቦ ግራ መጋባቱን ብቻ ይዞ መውጣቱ የፊልሙ ጥሩ ትወና ነው እላለሁ።

ሁለት ሰው በአንድ ተዋናይ

በዚሁ ፊልም ኒኮላስ ብራውን ሁለት ሰዎችን ይጫወታል፤ የ«ማፔትስ» አሻንጉሊቶች ፈጣሪ ጂም ሄንሰንንና ኮሜዲያኑን አንዲ ካውፍማንን። መጀመሪያ የቁጠባ ይመስላል። ግን አስቡት፤ ሁለቱም ለስላሳ ተናጋሪዎች ናቸው፣ ሁለቱም ከሌላ ድምፅ ጀርባ ይደበቃሉ። ካውፍማን በመጀመሪያው ፕሮግራም ላይ የሠራው የሸክላ ማጫወቻ አጠገብ መቆም ነበር፤ የልጆች ካርቱን ዘፈን ይጫወታል፣ እሱ ዝም ብሎ ይቅበዘበዛል፣ አንዲት ስንኝ ስትደርስ ብቻ እጁን አንሥቶ አፉን ያንቀሳቅሳል፣ ከዚያ ተመልሶ ይጠብቃል። ያ ሁሉ ሳቅ የመጣው ከመጠበቁ ነው።

ራሳቸውን የተጫወቱ

ስለ ካውፍማን ሚሎሽ ፎርማን በ1999 «ማን ኦን ዘ ሙን»ን ሠርቷል። ካውፍማንን የተጫወተው ጂም ኬሪ ቀረጻው እስኪያልቅ ድረስ ካሜራ ሲዘጋም ካውፍማን ሆኖ ይውል እንደነበር በ2017 የወጣ ዘጋቢ ፊልም ያሳያል። ጎልደን ግሎብ አገኘበት። ለእኛ ትምህርት የሚሆነው ግን ዙሪያው ነው፦ ካውፍማን የሠራበት የ«ታክሲ» ተከታታይ ተዋንያን ሃያ ዓመት አርጅተው ራሳቸውን ተጫወቱ፤ ዴቪድ ሌተርማንም ሎርን ማይክልስም እንዲሁ። ከ«ታክሲ» ዋና ተዋንያን አንዱ የነበረው ዳኒ ዴቪቶ ግን የካውፍማንን ወኪል እየተጫወተ ስለነበር ከ«ታክሲ» ትዕይንቶች ጠፋ። ማንም አልተከፋም። ሽበትና የጎደለ ሰው ተመልካቹን ካልረበሹት፣ አፍንጫው ትንሽ የተለየ ተዋናይ ስለምን ይረብሸዋል?

ምደባ የማይጠግነው

ጥሩ ተዋናይ መርጦ የሚጫወተው ነገር አለመስጠትም አለ። «ሳተርደይ ናይት» ሴቶቹን በደንብ መርጧል። ማይክልስን ያገባችውን ጸሐፊ ሮዚ ሹስተርን የተጫወተችው ሬቸል ሴኖት ሙሉ ሰው ትሆናለች፤ ስክሪፕቱ ጊዜ ሰጥቷታልና። ራድነር፣ ከርቲንና ኒውማን ግን በአብዛኛው ከኮሪደር ወደ ኮሪደር ያልፋሉ። ቤሉሺ የሚያኮርፍበት፣ ሞሪስ የሚጨነቅበት ጊዜ ተጽፎላቸዋል፤ ለራድነር ያንን የሚያህል አልተጻፈላትም። ራድነርን የተጫወተችው ኤላ ሃንት ፈገግታዋንና ቅልጥፍናዋን ይዛለች፤ እውነተኛዋ ጊልዳ ግን በ1978 በዚሁ ፕሮግራም ኤሚ የተሸለመች፣ ሕዝብ አጥብቆ የወደዳት ሴት ናት። እሷን ከዚህ ፊልም መጀመሪያ ያወቀ ወጣት ለምን እንደተወደደች ሳይገባው ነው ከሲኒማ የሚወጣው።