የባሕር ሚዶ

ወላጆቻችንና ሽማግሌዎቻችን፦ በጊቫት ኦልጋ ባሕር ዳር ውሃ የሚመስል ለስላሳ ነገር ስታዩ «መዱዛ ነው፣ ቶሎ ውጡ!» ትሉናላችሁ። መዱዛ ስለሚናደፍ ልክ ናችሁ። ነገር ግን የምታዩት ሁሉ መዱዛ አይደለም። በባዮሎጂ የተማርነውን እናስረዳችሁ።

አንዱ እንስሳ በዕብራይስጥ «ማስሬካኒት» ይባላል። «ማስሬክ» ማለት እናቶቻችን ፀጉር የሚያበጥሩበት ሚዶ ነው፤ ስለዚህ እኛ «የባሕር ሚዶ» ብለነዋል።

ሳይንስ እንስሳትን በትልልቅ ክፍሎች ይመድባል። መዱዛ ኒዳሪያ ከሚባለው ክፍል ነው፤ የሚናደፉ ሴሎች አሉት። የባሕር ሚዶ ቴኖፎራ ከሚባል ሌላ ክፍል ነው፤ ሰውን አይናደፍም፣ ምግቡን በሚያጣብቁ ሴሎች ይይዛል። እንደ ሚዶ ጥርስ የተደረደሩ ስምንት መስመር ጥቃቅን ፀጉሮች አሉት። በእነሱ ይዋኛል፤ ብርሃን ሲያርፍባቸው እንደ ቀስተ ደመና ያብረቀርቃሉ። አጥንትም አንጎልም የለውም።

ሰውን ባይናደፍም ጉዳት አለው። ምኔሚዮፕሲስ የሚባለው ዓይነት አገሩ የአሜሪካ አትላንቲክ ዳርቻ ነው። በመርከብ ውሃ ተጭኖ በ1980ዎቹ ጥቁር ባሕር ገባ። የዓሣ እንቁላልና የዓሣ ምግብ ስለሚበላ ዓሣ አጥማጆችን ጎዳ። እያንዳንዱ ወንድም ሴትም ስለሆነ ቶሎ ይበዛል። በፈረንጆች 2009 በእስራኤል ዳርቻ ታየ።

እንግዲህ እንደ ጃንጥላ የተዘረጋውን መዱዛ ራቁ። ትንሽ ሆኖ ስምንት የሚያብረቀርቅ መስመር ካለው የባሕር ሚዶ ነው። ካልለያችሁት ግን አትንኩ፤ እኛን ጥሩን። እናንተ የአገር ቤቱን ዛፍና ወፍ ስም አስተምሩን፤ እኛ ደግሞ የዚህን ባሕር እንነግራችኋለን።