የሌሊት እንቅልፍ ከጠዋት ይጀምራል

«እማዬ፣ አርፈሽ ተቀመጪ፤ እኛ አለን አይደል?» የምንለው ከፍቅር ነው። ነገር ግን ተቀምጠው የዋሉ እናት ሲገላበጡ ያድራሉ። ዕድሜ ሲገፋ ከባዱ እንቅልፍ ያንሳል፣ መንቃት ይበዛል፣ ሰውነትም በጊዜ ተኝቶ ማልዶ መነሣት ይወዳል። ቢሆንም ከ65 ዓመት በላይ ለሆነ ሰው የሚመከረው ከ7 እስከ 8 ሰዓት እንቅልፍ ነው። ስለዚህ ከኪኒን በፊት ውሏቸውን እናስተካክል።

1. ሌሊቱ እንዴትም ይለፍ፣ የመነሻ ሰዓታቸው አይለዋወጥ። ኪዳን ወይም ሱብሒ ለለመደ ሰው ይህ አይከብድም።

2. ጠዋት በረንዳ ላይ ወይም ደጅ ያውጧቸው። ቀንና ሌሊትን ለአንጎል የሚለይለት ብርሃን ነው፤ የሳሎን አምፖል የፀሐይን ያህል አይሠራም።

3. ሥራ አይቀሟቸው። ከሁሉም የሚበልጠው ይህ ነው። ጉልበታቸውን ቢያማቸው እንኳ ወንበር ላይ ሆነው፣ ሰፌዱን ጭናቸው ላይ አድርገው ምስር ይልቀሙ፤ ጠጠሯን በጣት ጫፍ ለይቶ ማውጣት ዓይንንም ሐሳብንም ያነቃል። የሚችሉ እስከ ሱቅ ይራመዱ፣ አትክልት ያጠጡ። እጅ ሥራ ሲፈታ ሶፋው ላይ ማንጎላጀት ይመጣል፤ ያ ከሌሊቱ ይቀነሳል። ሌሊቱን ያልተኛ ደግሞ በማግስቱ ለሥራ አቅም ያጣል፤ እንዲህ እያለ ይዞራል።

4. ቀን ጋደም ማለት ክልክል አይደለም፤ ከ9 ሰዓት በፊት፣ ከግማሽ ሰዓት ሳይበልጥ ይሁን።

5. ቡናው ወደ ጠዋት ይምጣ። 10 ሰዓት ላይ ከተጠጣው ካፌይን ግማሽ ያህሉ ማታ 3 ሰዓትም ሰውነት ውስጥ ሊኖር ይችላል። የጎረቤት ጥሪ ግን አይቅር፤ ጨዋታው ራሱ መድኃኒት ነው። እዚያ የጦስኝ ሻይ ቢጠጡ ማንም አይቀየምም።

6. ሽንት እየቀሰቀሳቸው ከሆነ መድኃኒታቸውን ይመልከቱ። እንደ ፉሮሰማይድ ያለ ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት ማታ የሚወስዱ ከሆነ፣ ሰዓቱ ይቀየር እንደሆነ ሐኪም ይጠይቁ፤ በራስዎ አይቀይሩት። እስከ መጸዳጃ ቤት ድረስ ደብዛዛ መብራት ይብራ፣ ምንጣፉም ይነሣ፤ በጨለማ መውደቅ ዳሌ ይሰብራል።

ዳያዜፓምን የመሰለ የእንቅልፍ ኪኒን ከሰው ተቀብለው አይስጧቸው፤ አረጋውያንን ያደናግራል፣ ይጥላል። ሲያንኮራፉ ትንፋሻቸው ቀጥ እያለ የሚመለስ ከሆነ፣ ወይም ሐዘን ከብዷቸው እንቅልፍ ከራቃቸው፣ የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ በፌስታል ይዘው ሐኪም ዘንድ ይውሰዷቸው።