ብዙ መንገድ በሄደ የናፍታ ካሚዮን ሞተር ላይ የሚፈሰውን ዘይት ከነምንጩ ስለ መፈለግ

ለክቡራን የአገር አስተዳዳሪዎች፣ ለወረዳ ሹማምንትና ለባለ ካሚዮኖች።

የእርሻ ጉዳይ በሚነገርበት ጽሑፍ ላይ ስለ ሞተር ዘይት መጻፍ ለአንዳንድ ሰው እንግዳ ነገር ይመስለው ይሆናል። ነገር ግን ለገበሬው የሚታደለው ማዳበሪያ ከጅቡቲ ወደብ ተነሥቶ በጋላፊና በሚሌ፣ በአዋሽና በአዳማ አድርጎ ወደ መካከለኛው አገር የሚደርሰው በብዛት በካሚዮን ነው። ተሳቢ ያለው አንድ ካሚዮን 400 ኩንታል ጭኖ ቢመጣና ለአንድ ሄክታር 2 ኩንታል ቢታሰብ፣ የ200 ሄክታር ማዳበሪያ በአንድ ሞተር ላይ ተንጠልጥሏል ማለት ነው። ይህ ሞተር ዘይቱን በመንገድ አፍስሶ በአፋር ቆላ ተጣብቆ የቆመ እንደ ሆነ፣ የሰኔ ዘር ካሚዮኑን አይጠብቅም።

በአዲስ አበባ ደቡብ ዳርቻ በአቃቂ ቃሊቲ፣ ወደ ቢሾፍቱ በሚወስደው በአሮጌው መንገድ ግራና ቀኝ፣ ከቆላ የተመለሱ ካሚዮኖች ለጥገና ይቆማሉ። ሕዝቡ ኤንትሬ እያለ የሚጠራው የኢጣሊያው ፊያት ለብዙ ዘመን በዚህ መንገድ አገልግሏል፤ ከእርሱም በኋላ ኢቬኮና ሲኖትራክ መጥተዋል። የሞተሩ ዓይነት ቢለያይም የባለ ንብረቱ አቤቱታ ብዙውን ጊዜ አንድ ነው፤ «ዘይት ይጥላል» የሚል ነው።

ዘይት የሚንጠባጠብበት ስፍራ ግን ሁልጊዜ ዘይት የሚወጣበት ስፍራ አይደለም። ዘይት ወደ ታች ይወርዳል፤ ቬንቶላውና የጉዞው ነፋስ ደግሞ ወደ ኋላ ይነዱታል። ስለዚህ ከሞተሩ ራስ ላይ የወጣው ዘይት ጐኑን ተከትሎ ወርዶ፣ በኮፓው የኋላ ጫፍ ከካምቢዮው አጠገብ ሲንጠባጠብ ይታያል። ይህን ያልመረመረ ሰው ካምቢዮ አስወርዶ፣ ያልተበላሸውን ፓራኦሊዮ አስለውጦ፣ ብዙ ገንዘብና የሥራ ቀን ከከፈለ በኋላ ዘይቱ በሳምንቱ እንደ ቀድሞው ይንጠባጠባል።

ጠብታንም መናቅ አይገባም። 20 ጠብታ አንድ ሚሊ ሊትር ያህል ነው ቢባል፣ በየሰከንዱ አንድ ጠብታ የሚጥል ሞተር በ10 ሰዓት ጉዞ 36,000 ጠብታ፣ ማለት 1 ሊትር ከ800 ሚሊ ሊትር ያፈሳል። በቆላ ሙቀት ዘይቱ ስለሚቀጥን፣ በአቃቂ ደጋ ወዝ ብቻ የነበረው ስፍራ አዋሽ ሲደርስ ሊፈስ ይችላል። የጋለ የጢስ መውጫ ላይ የወረደ ዘይትም እሳት ያስነሣል።

ከሁሉ አስቀድሞ የፈሳሹ ማንነት ይታወቅ። ማታ ካሚዮኑ በደልዳላ ስፍራ ሲቆም ከሥሩ ካርቶን ይነጠፍና ጧት ይታይ። የናፍታ ሞተር ዘይት ጥቁር ነው፤ የካምቢዮ ዘይት ወፍራም ሆኖ ድኝ ድኝ ይሸታል፤ ናፍታም በሽታው ይታወቃል። የመለኪያው ዘንግም ይታይ፤ ከልኩ በላይ የተሞላ ሞተር ሌላ በሽታ ሳይኖርበት ዘይት ሊተፋ ይችላል። ማንም ሳይጨምርበት ልኩ ከፍ ብሎ የተገኘ እንደ ሆነ ግን ናፍታ ወይም ውሃ ገብቶበታልና ምክንያቱ ሳይታወቅ ሞተሩ አይነሣ።

ቀጥሎ ሞተሩ ይታጠባል። በአሮጌ ዘይትና በአቧራ በተለበጠ ሞተር ላይ ምንጭ መፈለግ በጭቃ ውስጥ መርፌ መፈለግ ነው። ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ የአየር መሳቢያውና የኤሌክትሪክ ዕቃዎቹ በላስቲክ ተሸፍነው፣ ቅባቱ በብሩሽ ተፍቆ፣ በሳሙናና በውሃ ታጥቦ ይድረቅ። እጥበቱ በወንዝ ዳር ከቶ አይደረግ። ትንሹና ትልቁ አቃቂ ወደ አባ ሳሙኤል ይወርዳሉ፤ በዳርቻቸውም ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ የሚያለማ ገበሬ አለ። የመሬቱ ዘይት በአሸዋ ወይም በሰጋቱራ ይጠጣ፤ የተቀዳው አሮጌ ዘይት በበርሜል ይጠራቀም።

የደረቀው ሞተር ተነሥቶ በዝግታ ሲሠራ ባለሞያው መብራት ይዞ ከላይ ወደ ታች፣ ከፊት ወደ ኋላ ይመልከት። የቴስታታው ክዳን፣ የፊልትሮው መቀመጫ፣ የዘይት ግፊት መጠቆሚያው፣ ወደ ኮምፕሬሶሩ የሚሄደው ቧንቧ፣ ቱርቦ ያለው እንደ ሆነ የቱርቦው መመለሻ ቧንቧ፣ በፊት በኩል ከፑሌጃው ጀርባ ያለው ፓራኦሊዮ ሁሉ ይታይ። ነጭ የገላ ፓውደር በተጠረጠረው መጋጠሚያ ላይ ቢነሰነስ ዘይቱ መንገዱን በራሱ ይጽፋል። በቁሙ ካላፈሰ ጥቂት መንገድ ጭነት ይዞ ሄዶ እንደ ገና ይታይ። ከሁሉ በላይና ከሁሉ በፊት ያለው እርጥብ ስፍራ ምንጩ ነው፤ ከእርሱ በታች ያለው ሁሉ እስኪጣራ ድረስ በነገሩ የለበትም።

ብዙ መንገድ በሄደ ሞተር ላይ ግን ከጓርኒሲዮን መለወጥ በፊት የሚቀድም አንድ ምርመራ አለ። የፒስቶኑ ፋሻዎችና ሲሊንደሮቹ ሲበሉ የቃጠሎው ግፊት አልፎ ወደ ኮፓው ይወርዳል። ይህ ጋዝ የሚወጣበት መተንፈሻ በቅባት የተደፈነ እንደ ሆነ፣ ጋዙ ሌላ መውጫ ሲፈልግ በየመጋጠሚያው ዘይቱን ይዞ ይወጣል። ስለዚህ ሞተሩ ሞቆ በዝግታ ሲሠራ የዘይት መጨመሪያው ክዳን ተፈትቶ በአፉ ላይ ተገልብጦ ይቀመጥ። ጥቂት ቢንቀጠቀጥ ግድ የለም፤ ዘሎ ቢወድቅና ጢስ እየገፋ ቢወጣ ግን ግፊት በዝቷል። በመጀመሪያ መተንፈሻው ይጽዳ፤ ይህ ሥራ ከጊዜ በቀር ብዙ ወጪ የለበትም፤ አንዳንድ ጊዜ እርሱ ብቻ ፍሰቱን ያቆማል። ጸድቶም ግፊቱ ካልቀነሰ በሽታው በፋሻው ነው፤ አዲስ ጓርኒሲዮን ማልበስ ገንዘብ ማባከን ይሆናል፤ ሞተሩ መታደስ ይገባዋል። የክዳኑ ፈተና ግምት ስለ ሆነ፣ ግፊቱን በመሣሪያ የሚለካ ባለሞያ ከተገኘ ይሻላል።

የኋላው ፓራኦሊዮ በእርግጥ ማፍሰሱ የሚታመነው ከበላዩ ያለው ሁሉ ደርቆ በሞተሩና በካምቢዮው መካከል ብቻ ዘይት ሲገኝ ነው። ያን ጊዜም የሚሸተው የሞተር ዘይት ወይስ የካምቢዮ ዘይት መሆኑ ይለይ። ካምቢዮው ከወረደ በኋላ ፓራኦሊዮው ያረፈበት ዘንግ በጣት ጥፍር ይዳሰስ፤ ከብዙ ዘመን መታሸት የተነሣ ቦይ ካወጣ አዲሱም ያፈሳል። ስለዚህ የፋብሪካው መመሪያ የሚፈቅድ ከሆነ ከቦዩ ፈቀቅ ብሎ ይግባ፣ ወይም በዘንጉ ላይ ቀጭን የብረት እጅጌ ይልበስ። ፍሪሲዮኑም በዘይት ርሶ እንደ ሆነ ይታይ።

ቡሎን አብዝቶ ማጥበቅ መድኃኒት የሚመስላቸው አሉ። የኮፓው ከንፈር ስስ ቆርቆሮ ስለ ሆነ ይጣመማል፤ በተራና በመጠን በመስቀልኛ ይጠበቅ። ማጣበቂያ ማብዛትም ክፉ ነው፤ ትርፉ ወደ ውስጥ ተቆርሶ የዘይት ፖምፓውን ወንፊት ይደፍናል። ከውጭ አንዳች ሳይታይ ዘይቱ የሚጎድል እንደ ሆነ ደግሞ በጢሱ መውጫ ሰማያዊ ጢስ፣ በራዲያተሩም የዘይት ወለላ ይፈለግ።

የወረዳ ካሚዮን ያላቸው ሹማምንት ሾፌሩ የተጨመረውን ዘይት በሊትር፣ የሄደውን መንገድ በኪሎ ሜትር እየጻፈ እንዲያቀርብ ያድርጉ። የጥገናውንም ሒሳብ ከመፈረማቸው በፊት ካሚዮኑ ጭኖ ከቃሊቲ እስከ ዱከም ደርሶ ይመለስ፤ ሌሊቱን ከሥሩ አዲስ ካርቶን ይነጠፍና ጧት ካርቶኑ ከደረሰኙ ጋር ይቅረብላቸው።