የሚቆጠር ጥረት፦ በዋና ልምምድና ውድድር ትኩረትን ማሳደጊያ

ዋናተኞች «ዛሬ በደንብ ሠራሁ» ሲሉ ብዙውን ጊዜ ደክሞኛል ማለታቸው ነው። ድካም ግን ብቻውን ምስክር አይሆንም፤ በተበላሸ ቅዘፋ ገንዳውን ሃምሳ ጊዜ የተመላለሰም ሆነ በውድድር ፍጥነት ጥቂት ዙር የዋኘ እኩል ሊዝሉ ይችላሉ። ሁለቱን የሚለያቸው ሰዓትና የቅዘፋ ቁጥር ነው። በ2008 የቤጂንግ ኦሎምፒክ የ200 ሜትር ቢራቢሮ ቀዘፋ ፍጻሜ ላይ የማይክል ፌልፕስ መነጽር ውሃ ገባበት። መጨረሻ ላይ ግድግዳውን ማየት ተስኖት ቅዘፋውን እየቆጠረ ደረሰ፤ በ1 ደቂቃ ከ52.03 ሰከንድ ወርቁንም የዓለም ክብረ ወሰኑንም ወሰደ። ታሪኩ ሲነገር የሚወደሰው ጽናቱ ነው፤ ለእኔ ግን ከሁሉም በላይ የሒሳብ ታሪክ ነው። ግድግዳው ጋ በስንተኛው ቅዘፋ እንደሚደርስ ቀድሞ ያልለመደ ሰው በዚያች ሰዓት የሚቆጥረው ነገር አይኖረውም።

ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው መለኪያ ከመያዝ ነው። ሰውነታችሁን በደንብ ካሟሟቃችሁ በኋላ 100 ሜትር ነፃ ቀዘፋ በሙሉ አቅም ዋኙ። ሰዓቱን ሌላ ሰው ይያዝላችሁ፤ እናንተ በየ25 ሜትሩ እጃችሁ ስንት ጊዜ ውሃ እንደገባ ቁጠሩና ሁለቱንም ደብተር ላይ አስፍሩ። ቀጥሎ የምትመኙትን ሰዓት ለአራት አካፍሉ። ግባችሁ 1 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ከሆነ እያንዳንዱ 25 ሜትር 20 ሰከንድ ይደርሰዋል። ዋናው ልምምድ እንግዲህ 25 ሜትርን በ20 ሰከንድ፣ በመካከሉ 20 ሰከንድ እያረፉ፣ እስከ 16 ጊዜ መደጋገም ነው። አንዱ ዙር ከሰዓቱ ከዘገየ የሚቀጥለውን ዝለሉና አርፋችሁ ተመለሱ፤ ዳግመኛ ከዘገያችሁ ለዚያ ቀን አቁሙ። ማቆሙ ስንፍና ሊመስል ይችላል፤ ከዚያ በኋላ የሚዋኘው ግን ሰውነትን የሚያስተምረው ዝግታን ነው። አዲስ አበባን በመሰለ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው ከተማ ትንፋሽ ቶሎ ስለማይመለስ ዕረፍቱን ወደ 30 ሰከንድ አስረዝሙ፤ ፍጥነቱ ግን አይነካ። በየአራቱ ዙር ደግሞ አንድ ነገር ብቻ አስቡ፤ መጀመሪያ እጅ ውሃውን የሚይዝበትን፣ ቀጥሎ መታጠፊያውን፣ ከዚያ ትንፋሽ አወሳሰዱን።

«ጉልበት የሚገነባው በርዝመት ነው፤ በ25 ሜትር ማን ዋናተኛ ሆነ?» የሚል አለ። ከፊሉ እውነት ነው። አጫጭርና ፈጣን ዙሮችን፣ ፍጥነት ሲወድቅ ከማቆም ደንብ ጋር፣ አጥብቀው የሰበኩት የስፖርት ሳይንስ ምሁሩ ብሬንት ራሻል ረጅሙን ልምምድ እስከ ማጣጣል ደርሰዋል፤ እዚህ ላይ አልከተላቸውም። ተመራማሪው ስቴፈን ሳይለር የጽናት ስፖርተኞችን ልምምድ ሲያጠኑ ከአምስት ልምምዶች አራቱ ያህል ቀላል ሆነው አግኝተዋቸዋል። ለአብዛኛው ሰው የሚበጀው በሳምንት ሁለት ቀን በእርግጥ ከባድ፣ ሌላውን ቀን እያወሩ ሊዋኙት የሚቻል ያህል ቀላል ማድረግ ነው። ጉዳቱ ያለው መሐል ላይ ነው፤ ለማገገም የከበደ፣ ለውድድር የቀለለ ዋና። ሌሎች ደግሞ መቁጠር የውሃውን ስሜት ያጠፋል ይላሉ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አዎ፣ ያውካል፤ ሲለመድ ግን ቆጠራው ከጀርባ ይሄዳል። የበለጠ የሚያሳስበው ቁጥሩ ብቻውን ሲታመን ነው። እጅን ዘርግቶ እየተንሳፈፉ ቅዘፋን መቀነስ ቀላል ነው፤ ሰዓቱ ግን ወዲያው ያጋልጣል። ሁለቱ የማይነጣጠሉት ለዚህ ነው።

በልምምድ የእያንዳንዱን ዙር የመጨረሻ 5 ሜትር ልክ እንደ ውድድር ዋኙት፦ ራስ ሳይነሳ፣ እጅ ግድግዳውን እስኪመታ። በዚያው በቤጂንግ የ100 ሜትር ቢራቢሮ ፍጻሜ ሰርቢያዊው ሚሎራድ ቻቪች እየመራ ግድግዳው አጠገብ ሲደርስ ተዘርግቶ ተንሳፈፈ፤ ፌልፕስ ግማሽ ቅዘፋ ጨመረና በ50.58 ለ50.59 አሸነፈው። በትኩረት ስም ግን ትንፋሽ ይዞ ረጅም ርቀት ከውሃ በታች መዋኘት አይሞከር፤ ጎበዝ ዋናተኛንም ቢሆን ድንገት ራሱን አስቶ ሊያሰጥም ይችላል።

የውድድር ቀን አዲስ ነገር አይጨመርም። ከመዝለላችሁ በፊት የለመዳችሁትን ቁጥር አስታውሱ፤ የመጀመሪያውን 25 ሜትር ከዚያ ቁጥር ሳታሳልፉ ዋኙ፣ ምክንያቱም በደስታ የበዛ ቅዘፋ ዋጋው የሚከፈለው ሦስተኛው 25 ሜትር ላይ ነው። ዓይናችሁ ወደ ጎን መስመር ከሸሸ ወደ ቆጠራው መልሱት። ውድድሩ ሲያልቅ በሦስተኛው 25 ሜትር ቅዘፋው ከልምምዱ ከሁለት በላይ ከጨመረ ወይም ሰዓቱ ከዘገየ፣ የሚቀጥለው ሳምንት ከባድ ልምምድ በዚያ ይጀመር፦ 50 ሜትር በግባችሁ ፍጥነት፣ 10 ሰከንድ ዕረፍት፣ ወዲያው 25 ሜትር በለመዳችሁት የቅዘፋ ቁጥር፣ ስድስት ጊዜ።