በስልክ የሚመጣው ሌባና አዛውንቶቻችን

ዛሬ የማነሳው ጉዳይ ከገዛ ቤተሰቤ የወጣ በመሆኑ ንግግሬ ትንሽ ቢመር አትታዘቡኝ፡፡ ነገሩን የሰማሁት ለዒድ ዘመድ ለመጠየቅ ወደ ቆሰበር በሄድኩበት ጊዜ ነው፡፡ እኛ ተወላጆቿ ቆሰበር የምንላት ከተማ በመዝገብ ስሟ እንጅባራ ስትሆን፣ ከባሕር ዳር ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው አስፋልት ላይ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ የአዊ ዞን ዋና ከተማ ናት፡፡ ብርዷን፣ ድንቿንና ቀርቀሃዋን ያየ ሁሉ ያውቃታል፡፡

አጎቴ ሰባዎቹን ያጋመሱ ሽማግሌ ናቸው፡፡ ዕድሜያቸውን በጨርቅ ንግድ አሳልፈዋል፡፡ በገበያ ውስጥ የሐሰት ብር በጣታቸው ዳብሰው የሚለዩ፣ ሰው አታሏቸው የማያውቅ ነጋዴ ነበሩ፡፡ ሱቁን ለልጆቻቸው ካስረከቡ በኋላ ከአንድ የፋግታ ለኮማ ገበሬ ጋር በእኩል ሆነው ዲከረንስ አስተከሉ፡፡ ዲከረንስ በአራትና በአምስት ዓመት ደርሶ ለከሰል የሚቆረጥ ዛፍ ነው፡፡ የዚያ አካባቢ ገበሬ ትልቁ ጥሪት እሱ ነው ብል ብዙም አልተሳሳትኩም፡፡ አጎቴ ከድርሻቸው ያገኙትን 46 ሺህ ብር ለአክስቴ የዓይን ሕክምና ብለው ባንክ አስቀመጡ፡፡

አንድ ቀን ከዐስር ሶላት በኋላ ስልካቸው ጮኸ፡፡

«አሰላሙ ዓለይኩም ሐጂ! እንዴት ዋሉ? ከባንክ ነው የምደውለው፡፡»

ደዋዩ ስማቸውን ከነአባታቸው ጠራ፡፡ የባንክ ሂሳባቸው ከፋይዳ ቁጥራቸው ጋር ስላልተያያዘ ዛሬ ማታ እንደሚዘጋ ነገራቸው፡፡ «እርስዎ እዚህ ድረስ ለምን ይንገላታሉ፤ አባቴ ማለት እርስዎ አይደሉም እንዴ? እኔ እዚሁ ሆኜ እጨርስልዎታለሁ፡፡ አሁን በስልክዎ ቁጥር ይገባል፤ እሱን ብቻ ያንብቡልኝ፡፡»

አጎቴ መነጽር አልነበራቸውም፡፡ የጎረቤት ልጅ ጠሩና ቁጥሩን አስነበቡ፡፡ ልጁ ሦስተኛ ክፍል ነው፤ አኃዝ ያነባል፡፡ ከቁጥሩ ሥር የነበረውን ዓረፍተ ነገር ግን ሁለቱም አላነበቡትም፡፡ መልእክቱን በኋላ በስልኩ ላይ አይቼዋለሁ፡፡ በእንግሊዝኛ «ይህን ቁጥር ለማንም እንዳይነግሩ» የሚል ነበር፡፡ ቀጥሎ ደዋዩ «ለማረጋገጫ» ብሎ የሚስጥር ቁጥራቸውን ጠየቀ፤ ሰጡት፡፡ በ20 ደቂቃ ውስጥ 20 ሺህ፣ እንደገና 20 ሺህ፣ ከዚያም 5 ሺህ 700 ብር ወጣ፡፡ ከሂሳቡ የተረፈው 300 ብር ብቻ ነው፡፡

ለመሆኑ ደዋዩ የአጎቴን ስም ከየት አገኘው? እኔም መጀመሪያ የባንክ ሠራተኛ እጅ አለበት ብዬ ጠርጥሬ ነበር፡፡ ነገሩ ግን ከዚያ የቀለለ ሊሆን ይችላል፡፡ በስልክ ገንዘብ ለመላክ የተቀባዩን ቁጥር ስናስገባ፣ ስህተት እንዳንፈጽም የባለቤቱን ስም የሚያሳዩን አገልግሎቶች አሉ፡፡ ይህ ለላኪው ጥቅም የተሠራ መልካም ነገር ነው፡፡ ሌባው ግን ቁጥሮችን እየቀያየረ ሲሞክር ስም ያገኛል፤ ከስሙ ሃይማኖቱን ይገምታል፤ ብዙ ጊዜ ዕድሜውንም ጭምር፡፡ እንደ አጎቴ ያለ ጥንታዊ ስም ካየ «ሐጂ» ብሎ ይጀምራል፡፡ (አጎቴ ሐጅ አልሄዱም፤ የሸመገለን ሰው ሐጂ ብሎ ማክበር የአገራችን ልማድ ስለሆነ ግን ቅር አላላቸውም፡፡) ክርስቲያን ቢሆን ኖሮ ሰላምታው በሌላ ቃል ይሆን ነበር፡፡ በዲን ወንድማችን የሚያስመስለን ሰላምታ በስንት ሰዎች ላይ እንደተሞከረ አላህ ይወቀው፡፡

ይህን የምጽፈው አዛውንቶቻችን ሞኞች ናቸው ለማለት አይደለም፡፡ እንዲያውም በዚህ ነገር ላይ ያለን ትልቁ ስህተት «ያልተማረ ስለሆነ ነው» ብለን ማለፋችን ይመስለኛል፡፡ በአሜሪካ የፌዴራል ምርመራ ቢሮው /ኤፍ ቢ አይ/ በኢንተርኔት ስለሚፈጸሙ ወንጀሎች ባወጣው ሪፖርት እንደገለጸው፣ በ2024 እ.ኤ.አ. ዕድሜያቸው 60 እና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎች ያመለከቱት ኪሳራ ወደ 4.9 ቢሊዮን ዶላር ይጠጋል፡፡ እነዚህ ሰዎች እንግሊዝኛ ያነባሉ፣ ብዙዎቹም ኮሌጅ የበጠሱ ናቸው፡፡ በጃፓን ደግሞ ከሃያ ዓመት በላይ ያስቆጠረ ማታለያ አለ፤ «እኔ ነኝ፣ እኔ» እያለ የልጅ ልጅ መስሎ የሚደውል ሌባ አያቶችን ሲያራቁት ኖሯል፡፡ ሌባው የሚጠቀመው በአለማወቃችን ብቻ ሳይሆን በመልካም ጠባያችንም ነው፡፡ ሰው ሲያነጋግረን ስልክ ጆሮው ላይ አንዘጋም፤ ሰላምታ እንመልሳለን፤ «ልጅዎ» ሲሉን እንደነግጣለን፡፡

ስለ ድንጋጤ ካነሳን አይቀር፣ በእኛ አካባቢ ከባንክ ጥሪ ይልቅ የከፋው ሌላው ጥሪ ነው፡፡ «ልጅዎ በመንገድ ላይ ታግቷል፣ በዚህ ሂሳብ ይህን ያህል ያስገቡ፤ ለሰው ከተናገሩ ይሞታል» የሚለው፡፡ በአውራ ጎዳናዎቻችን ላይ የሰው እገታ መፈጸሙ እውነት በመሆኑ ውሸቱም በቀላሉ ይታመናል፡፡ እናት እንዴት ትጠራጠር? ልጇ በሰላም ትምህርት ቤቱ ተቀምጦ ሳለ ላሟን ልትሸጥ ትችላለች፡፡ ለዚህ ዓይነቱ ሌብነት ኢንተርኔት እንኳ አያስፈልግም፡፡ በአማራ ክልል ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደነበር ይታወሳል፡፡ የአዛውንቶቻችን ስልክ ግን ድሮም ተራ ባለ ቁልፍ ስልክ ነው፤ ሌባው የሚገባውም በድምፅና በአጭር መልእክት ነው፡፡

አዛውንቶቻችን ወደዚህ ዓለም የገቡት ወደው አይደለም፡፡ በመስከረም 2013 የብር ኖቶች ሲቀየሩ በሦስት ወር ውስጥ አሮጌውን መመለስ ግድ ስለነበር፣ ከሣጥንና ከፍራሽ ሥር ስንት ዓመት የተኛ ገንዘብ ወደ ባንክ ተጓዘ፡፡ በዚያው ዓመት ግንቦት ቴሌብር ሥራ ጀመረ፤ እስከ 2017 ድረስ የተጠቃሚዎቹ ቁጥር ከ50 ሚሊዮን ማለፉን ኢትዮ ቴሌኮም ገልጿል፡፡ ወለድን ፈርተው ባንክ አንገባም ይሉ የነበሩ አባቶቻችንም የወለድ ነጻ አገልግሎት መስኮቶችና በኋላም እነ ዘምዘም ባንክ ሲከፈቱ ደብተር አወጡ፡፡ ይህ ሁሉ መልካም ነው፡፡ ይሁን እንጂ ደብተሩን ሲሰጧቸው የስልኩን አገልግሎት አብረው አስፈርመው ላኳቸው እንጂ፣ የሚስጥር ቁጥር ማለት ምን እንደሆነ ቁጭ ብሎ ያስረዳቸው ማን ነው? አፉን በአገውኛ የፈታ ሽማግሌ ማስጠንቀቂያውን በእንግሊዝኛ ይቀበላል፡፡ ይህን ማስተካከል ለባንኮቻችን ከባድ ነገር አይመስለኝም፡፡

ወደ አጎቴ ልመለስ፡፡ ገንዘቡ መውጣቱን ያወቁት በማግስቱ ነው፡፡ ለልጆቻቸው የተናገሩት ግን በአራተኛው ቀን ነበር፡፡ «ምን ብዬ ልንገራቸው? ዕድሜ ልኬን ገበያ ላይ ኖሬ በስልክ ተዘረፍኩ ልበል?» አሉኝ፡፡ ልጆቻቸው ባንኩ ዘንድ ሲሄዱ ገንዘቡ የተላለፈበት ሂሳብ በሌላ ከተማ የተከፈተ መሆኑ፣ ገንዘቡም በዚያው ምሽት ወጥቶ ማለቁ ተነገራቸው፡፡ የፖሊስ ደብዳቤ አምጡ ተባሉ፤ አመጡ፡፡ እስካሁን «እየተጣራ ነው»፡፡

በዚያው ሰዓት ታውቆ ቢሆን ኖሮስ? ምናልባት ከመጨረሻው ዝውውር ጥቂቱ ይተርፍ ነበር፡፡ ምክንያቱም የተላለፈ ገንዘብ ከተቀባዩ ሂሳብ እስኪወጣ ድረስ ሊታገድ ይችላል፡፡ ስለዚህ በመጀመሪያው ሰዓት የሚደወለው ለዘመድ ሳይሆን ለባንኩ ነው፡፡ የንግድ ባንክ ደንበኛ በ951፣ የቴሌብር ተጠቃሚ በ127 ይደውል፤ ስለ ስልክ ቁጥሩ ለኢትዮ ቴሌኮም 994 አለ፡፡ ሌሎቹም ባንኮች የየራሳቸው አጭር ቁጥር ስላላቸው በትልልቅ አኃዝ ጽፎ ግድግዳ ላይ መለጠፍ ነው፡፡ ፖሊስ ዘንድ መሄድ ከዚያ በኋላ ይከተላል፡፡ ማታለል በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 692 ያስቀጣል፤ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008ም አለ፡፡ መልእክቱንና የደወለበትን ቁጥር አለማጥፋት ያስፈልጋል፤ ማስረጃው እሱ ነውና፡፡ አጎቴ በንዴት የጥሪውን ዝርዝር ሰርዘውት ነበር፡፡

እፍረቱን ግን እኛ ነን የምናመጣው፡፡ አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል ኢስራእ ወላጆች ሲያረጁ «ኡፍ» እንኳ እንዳንላቸው አዟል፡፡ አባት ተታልሎ ሲመጣ «እንዴት እንዲህ ታደርጋለህ!» ብሎ የሚጮህ ልጅ ሁለተኛ ጊዜ ሲታለሉ አይሰማም፤ ይደብቁታልና፡፡

ሌላው ቁርአናዊ ትምህርት በሱረቱል በቀራ 282ኛው አንቀጽ ያለው ነው፡፡ ስለ ዕዳ አጻጻፍ የሚናገረው ይህ ረጅም አንቀጽ፣ ባለዕዳው ደካማ ከሆነ ወይም ራሱ ማስጻፍ ካልቻለ ወሊዩ በትክክል እንዲያስጽፍለት ያዛል፤ ምስክሮችም እንዲኖሩ ያደርጋል፡፡ እኔ ሊቅ አይደለሁም፤ ፍቺውን ለዑለማዎቻችን እተወዋለሁ፡፡ ነገር ግን የደካማው ሰው ገንዘብ ለብቻው እንዳይተው፣ ተወካዩም ያለ ምስክር እንዳይሠራ ሁለቱም አብረው መነገራቸው ይገርመኛል፡፡

ምስክሩን ያነሳሁት በምክንያት ነው፡፡ ሁሉም ሌባ ከሩቅ አይደውልም፡፡ ዳንግላ ያገኘኋቸው አንድ ጡረተኛ መምህር የጡረታ ገንዘባቸው በየወሩ እየጎደለ ሲሄድ ባንኩን ሲወቅሱ ኖረዋል፡፡ ኋላ ሲጣራ፣ «ካርድ ሙላልኝ» እያሉ ስልካቸውን የሚሰጡት የልጅ ልጃቸው የሚስጥር ቁጥሩን አውቆ ለእግር ኳስ ውርርድ /ቤቲንግ/ ያወጣው ነበር፡፡ ጉዳዩን ለፖሊስ አልወሰዱትም፤ ማን ይወስዳል? እንዲህ ያለው በደል ከማንኛውም መዝገብ ውጪ ነው፡፡ አንድ ልጅ ስልኩን ቢይዝ ሌላው ልጅ በየወሩ ሂሳቡን ቢያይ፣ ለሚረዳው ልጅም ከሐሜት መጠበቂያ ይሆነው ነበር፡፡

በእኛ ቤት አሁን ያደረግነው ይህ ነው፡፡ የአጎቴ ገንዘብ ለሁለት ተከፍሏል፡፡ ዋናው በደብተር ብቻ በሚንቀሳቀስ፣ ከስልክ ጋር ባልተያያዘ ሂሳብ ነው፤ ማውጣት ሲፈልጉ ራሳቸው ቅርንጫፉ ድረስ ይሄዳሉ፡፡ በስልኩ ላይ ያለው ለሸቀጥና ለካርድ የሚሆን ጥቂት ብር ነው፡፡ ያ ቢሄድም ቤት አይፈርስም፡፡ የሚስጥር ቁጥሩን ቀይረናል፤ የትውልድ ዓመታቸው ነበር! ከሁሉ በላይ ግን ያስለመድናቸው አንድ አነጋገር ነው፡፡ ማንም ስለ ገንዘብ ሲደውል «ልጄን ልጠይቅና እደውላለሁ» ብለው ይዘጋሉ፡፡ የባንክ ሠራተኛ የሆነ ሰው በዚህ አይቆጣም፡፡ «ለማንም እንዳይነግሩ»፣ «ስልኩን እንዳይዘጉት» የሚል ደዋይ ግን በዚያው ማንነቱን ተናገረ፡፡ ባንክ ደንበኛውን የሚስጥር ቁጥር አይጠይቅም፤ በስህተት ገንዘብ ላክሁልዎ ለሚለውም መልሱ «ባንክዎን ይጠይቁ» ነው፤ ሂሳብን አይተው ሳያረጋግጡ የሚመለስ ገንዘብ የለም፡፡

ይህን ለአንድ ቤት ብቻ ማድረግ እንደማይበቃ አውቃለሁ፡፡ ከጁሙዓ በኋላ መስጊድ ውስጥ አሥር ደቂቃ ቢወሰድ፣ በእድር ስብሰባ ላይ አንድ የባንክ ሠራተኛ ተጋብዞ በሚሰሙት ቋንቋ ቢያስረዳ ብዙ ቤት ይድናል፡፡ በቆሰበር ይህን ሐሳብ ለጀመዓው ሽማግሌዎች ነግሬያቸው ነበር፡፡ አንደኛው አዳምጠውኝ ሲያበቁ ዝቅ ባለ ድምፅ «ለእኔም ደውለውልኝ ነበር» አሉ፡፡ ቀጥሎ ሌላኛው፡፡ ከአምስቱ ሦስቱ ተደውሎላቸዋል፤ ከሦስቱም አንዱ ለማንም ሳይናገሩ 9 ሺህ ብር ከፍለዋል፡፡ ሚስታቸው እስካሁን አያውቁም፡፡

የአክስቴ ዓይን በልጆቻቸው መዋጮ ባሕር ዳር ታክሟል፤ አልሐምዱሊላህ፡፡ ገና ሁለተኛው ይቀራል፡፡