ሸክላው አልታዘዝ ሲል

ልጄ፣ ከአሜሪካ የተላኩልህ ሁለቱ የቴክኒክስ ሸክላ ማጫወቻዎች ቴፒ መድረሳቸውን ስሰማ በጣም ደስ አለኝ። ሸክላን በእጁ እየዳሰሰ የሚያጫውት ወጣት በእኛ አካባቢ ማየት ስመኘው የኖርኩት ነው። «ታይምኮዱ አልሠራ ካለኝ ሶፍትዌሩን አጥፍቼ እንደገና እጭናለሁ» ማለትህ ግን አልተዋጠልኝም። ሶፍትዌሩ የሚነካው በመጨረሻ ነው። ምልክቱ ከመርፌው ይነሣል፣ በገመድ አልፎ የድምፅ ኢንተርፌሱ ውስጥ ይገባል፣ ከዚያ ነው ላፕቶፑ ጋ የሚደርሰው። አንተም ጥፋቱን ስትፈልግ በዚሁ መንገድ ሂድ፤ በአንድ ጊዜ ከአንድ ነገር በላይ አትቀይር።

1. ከመሰካትህ በፊት የማጫወቻውን ጀርባ አንብብ። ለአሜሪካ ገበያ የተሠራ ቴክኒክስ 120 ቮልት ነው፤ የእኛ መብራት 220 ቮልት ነው። በቀጥታ ከሰካኸው ይቃጠላል። ቮልት የሚቀንስ ትራንስፎርመር ያስፈልግሃል። የላፕቶፕህ ቻርጀር ግን ብዙውን ጊዜ ከ100 እስከ 240 ስለሚቀበል አያሳስብህ። ትራንስፎርመሩን ከማጫወቻው አርቀህ መሬት ላይ አስቀምጠው፤ መርፌው አጠገብ ከሆነ የትራንስፎርመሩ መግነጢሳዊ ኃይል እምምም የሚል ድምፅ ያስገባብሃል። የእነሱ መብራት 60 ሄርዝ፣ የእኛ 50 መሆኑ ግን አያስጨንቅህ። ከ1979 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተሠራው የቴክኒክስ ኤስኤል 1200 ማርክ 2 ፍጥነቱን የሚጠብቀው በኳርትዝ ነው። ሞተሩ የመብራቱን ሄርዝ የሚከተል አሮጌ ማጫወቻ ቢሆን ኖሮ ጄኔሬተሩ ከፍ ዝቅ ባለ ቁጥር ዘፈኑም አብሮ ይዋዥቅ ነበር።

2. በታይምኮድ ሸክላው ላይ የተቀረጸውን እወቅ። ዘፈን የለበትም፤ ያለው አንድ የማያቋርጥ ጩኸት ነው። የሴራቶ ሶፍትዌር ሸክላ በደቂቃ 33⅓ ዙር ሲዞር 1000 ሄርዝ ይጮኻል፤ የትራክተር ሶፍትዌር የመጀመሪያው ሸክላ 2000፣ ሁለተኛው 2500። ጩኸቱ በግራና በቀኝ ቻናል ይመጣል፣ ግን አንዱ ከሌላው የአንድ ሞገድ ሩብ ያህል ወደ ኋላ ይቀራል። ኮምፒውተሩ ፍጥነቱን ከጩኸቱ ቅጥነት፣ አቅጣጫውን ከሁለቱ ቀዳሚ ከሆነው፣ መርፌው የትኛው ደቂቃ ላይ እንዳለ ደግሞ ጩኸቱ ውስጥ ከተደበቀው ቁጥር ያነባል። ይህን ካወቅህ ግማሹ ችግር ስሙን ራሱ ይነግርሃል። ዘፈኑ ወደ ኋላ ከሄደ ግራና ቀኝ ተቀያይረዋል። ፍጥነቱ ከልክ በላይ ከሆነ ወይ 45 ተጭኗል፣ ወይ ሶፍትዌሩ ውስጥ የሌላ ሸክላ ዓይነት ተመርጧል። በነፃ የሚገኘውን ሚክስክስ የተባለ ሶፍትዌር የምትጠቀም ከሆነ የሸክላውን ዓይነት ራስህ መምረጥህን አትርሳ።

3. ክቡን ተመልከት። ሶፍትዌሩ ውስጥ ምልክቱን የሚያሳይ ክብ አለ፤ ብዙዎች ከፍተውት አያውቁም። ሸክላው እየዞረ ክቡ ድብልብል ያለና የተረጋጋ ከሆነ እስከ ኢንተርፌሱ ድረስ ያለው ሁሉ ደህና ነው። ክቡ ጠፍቶ ቀጥ ያለ ወይም የተጋደመ መስመር ከሆነ አንዱ ቻናል ሞቷል። መስመሩ ከጥግ ወደ ጥግ ከተዘረጋ ሁለቱ ቻናሎች አንድ ቦታ ተነካክተዋል። ነጥብ እስኪያህል ካነሰ ምልክቱ ደክሟል፤ ዳርዳሩ እንደ ካሬ ከተቆረጠ ደግሞ ከልክ በላይ ጠንክሯል።

4. መርፌው ላይ ጊዜ ውሰድ። ከማየው ችግር አብዛኛው እዚህ ነው ያለው። ጥር ሲገባ ቡናው ተለቅሞ፣ ተሸጦ፣ ሠርጉ ይደራረባል፤ የጀንፈል መፈልፈያው ብናኝም ከአቧራው ጋር ይነሣል። ያ ብናኝ መርፌው ጫፍ ላይ ሲጠራቀም ክቡ መንቀጥቀጥ ይጀምራል። በለስላሳ ብሩሽ ከኋላ ወደ ፊት ጥረገው፤ ወደ ጎን አትጥረግ፣ መርፌው ይታጠፋል።

ሚዛኑንም አስተካክል። ክንዱ በአየር ላይ ቀጥ ብሎ እስኪቆም የኋላውን ክብደት አዙር፣ ቁጥሩን ዜሮ አድርግ፣ ከዚያ በመርፌው ማሸጊያ ላይ የተጻፈውን ግራም ስጠው። የወርቅ ሠሪ ሚዛን የሚያውስህ ካገኘህ ደግሞ ይበልጥ ትተማመናለህ። መርፌው እንዳይዘል ብለው የመርፌው ራስ ላይ ሳንቲም የሚለጥፉ አሉ። ይህን ሲያደርጉ ባየህ ቁጥር እባክህ ከልክላቸው፤ ክብደቱ ሸክላውን ይቦረቡረዋል፣ የተበላ ታይምኮድ ደግሞ የሚጠገንበት መንገድ የለም።

ከዚያ የመርፌውን ራስ ንቀለው። ውስጡ አራት ቀጫጭን ሽቦዎች አሉ፤ ነጭና ሰማያዊ ለግራ፣ ቀይና አረንጓዴ ለቀኝ። አንዱ ከላላ አንዱ ቻናል ይሞታል። ከኋላው ያሉት አራት ነጥቦች ጠቁረው ካየህ በእርሳስ ላጲስ ቀስ ብለህ ፈትጋቸው።

ጥፋቱ የት እንዳለ ካልታወቀህ እየቀያየርክ ፈትን። ግራው ማጫወቻ አስቸገረ እንበል። የሁለቱን ማጫወቻዎች የመርፌ ራስ አቀያይር። ችግሩ ወደ ቀኝ ከሄደ ጥፋተኛው መርፌው ወይም የመርፌው ራስ ነው። እዚያው ከቀረ የሁለቱን ገመዶች ኢንተርፌሱ ላይ አቀያይር። አሁን ከተሻገረ ማጫወቻው፣ ገመዱ ወይም ሸክላው ነው፤ አሁንም ካልተንቀሳቀሰ ኢንተርፌሱ ወይም ቅንብሩ ነው። ሸክላው መሆን አለመሆኑን ለመለየት ሸክላዎቹን ራሳቸውን አቀያይር። ይህ ሁሉ ከአንድ ዘፈን በላይ አይፈጅም፤ ሙሽሮች ከመግባታቸው በፊት ደግሞ ቀስ ብለህ ልታደርገው ትችላለህ።

5. ፎኖና ላይን አታምታታ። ከመርፌው የሚወጣው ጥቂት ሚሊቮልት ብቻ ነው፤ ፎኖ የሚለው መግቢያ ያሳድገዋል። ላይን ላይ ከሰካኸው ክቡ ነጥብ ይሆናል። አንዳንድ አዳዲስ ማጫወቻዎች ግን ማሳደጊያው ውስጣቸው አለ፣ ከኋላቸውም መቀየሪያ አላቸው። ማሳደጊያው በርቶ አንተም ፎኖ ላይ ከሰካህ ምልክቱ ሁለት ጊዜ ያድጋል፤ ካሬው የሚመጣው ያኔ ነው።

6. እምምታውን በግራውንድ ሽቦ አባርረው። ከማጫወቻው የሚወጣ ቀጭን ሽቦ አለ፤ በሚክሰሩ ወይም በኢንተርፌሱ ላይ ካለው ብሎን ጋር አጥብቀህ እሰረው። ድምፁ ካልጠፋ የላፕቶፑን ቻርጀር ንቀልና አዳምጥ። ያኔ ከጠፋ መንገዱ በቻርጀሩ በኩል ነው፤ ሁሉንም ዕቃ ከአንድ ማከፋፈያ ላይ ሰካ። ልጄ፣ ድምፁ እንዲቀር ብለህ የሶኬቱን የመሬት እግር እንዳትቆርጥ። ዝናብ በነካው ድንኳን ውስጥ ሕይወትህን የሚጠብቀው እሱ ነው።

7. ጸጥታውንም በሶፍትዌሩ አስለካ። ሸክላው ቆሞ ዘፈኑ በራሱ ቀስ እያለ የሚንፏቀቅ ከሆነ ሶፍትዌሩ የስፒከሩን ንዝረት ታይምኮድ አድርጎ እያነበበ ነው። መርፌውን በቆመ ሸክላ ላይ አኑር፣ ሌላውን ማጫወቻ ለማታው በምትፈልገው መጠን አስጩኸው፣ ከዚያ ልኬቱን አስደርግ። ቤትህ ውስጥ ዝግ ባለ ድምፅ የተደረገ ልኬት ለዳስ አይሆንም። ማጫወቻዎቹን ከስፒከሩ አርቃቸው፤ የሲሚንቶ ብሎኬት ላይ ብታስቀምጣቸውና በመሀል የውስጥ ጎማ ቁራጭ ብታነጥፍ ቤዙ እምብዛም አይደርስባቸውም።

8. ሰው በሚዘልበት ቦታ ሪሌቲቭ ተጠቀም። አብሶሉት የሚባለው አሠራር መርፌው ያለበትን ቦታ በትክክል ይከተላል፤ ስለዚህ መርፌው ሲዘል ዘፈኑም ይዘላል። ሪሌቲቭ ግን ፍጥነቱንና አቅጣጫውን ብቻ ስለሚከተል ዘፈኑ ቦታውን አይለቅም። በሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ ቴፒ ግቢ የምረቃ ድግስ ላይ የእንጨት መድረክ ቢሰጡህ አብሶሉትን አትሞክረው። የሴራቶ ሸክላ አንዱ ገጽ 10 ደቂቃ፣ ሌላው 15 ደቂቃ መሆኑንም ልብ በል፤ ረጅም ቅልቅል ከከፈትህ ደቂቃው ከማለቁ በፊት ወደ ውስጣዊው አሠራር ቀይር። ይህ አሠራር መርፌም ሸክላም አይፈልግም፤ በመሀል ሁሉም ነገር ቢበላሽ ሠርጉን የሚያተርፍልህም እሱ ነው። ቁልፉ የት እንዳለ በጨለማ እስክታገኘው ተለማመድ።

9. እርጥበቱን አትናቀው። ደቡብ ምዕራቡ በአገራችን ብዙ ዝናብ የሚያገኘው ምድር ነው። የወረቀት ሽፋን ይሻግታል፣ የገመድ ጫፍ ይዝጋል። ሸክላዎቹን በፕላስቲክ ሽፋን አቁመህ አስቀምጥ፤ ከአዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የሚወጡትን እርጥበት መምጠጫ ከረጢቶች ሰብስበህ ሣጥኑ ውስጥ ጨምር።

10. ክቡ ንጹሕ ሆኖ ድምፁ ብቻ የሚንጣጣ ከሆነ፣ አሁን ላፕቶፑን ንካ። ቡፈሩን ትንሽ ከፍ አድርግ፣ ዋይፋይ አጥፋ፣ ዩኤስቢውን ያለ ማከፋፈያ በቀጥታ ሰካ። ኃይል ቆጣቢውንም አጥፋው።

11. ምት የሚያገጣጥመውን ሲንክ የሚለውን ቁልፍ ለድሮ ዘፈኖቻችን አትጠቀም። አምሃ እሸቴ በእኛ አቆጣጠር በ1960ዎቹ በአምሃ ሪከርድስ ያሳተማቸው ዘፈኖች ከሙሉ ባንድ ጋር የተቀረጹ ናቸው፤ ከበሮ መቺው እንደ ልቡ ይፈጥናል፣ ይዘገያል። ሶፍትዌሩ ምቱን በትክክል አያገኘውም፤ በችክችካ ምት ላይማ አብዛኛውን ጊዜ ቆጠራው ራሱ ይሳሳታል። ስለ ገመድና መርፌ ይህን ሁሉ የዘረዘርኩልህ ለዚህ ነው፤ የሚፈጥነውን ከበሮ ተከትሎ ሸክላውን ገፋ ያዝ የሚያደርገው ጣትህ ብቻ ነው። ጆሮ ማዳመጫህን አድርገህ በእነዚህ ዘፈኖች ተለማመድ።

እስከ ቅዳሜ ድረስ የማጫወቻዎቹን የጀርባ ጽሑፍ ፎቶ አንሥተህ ላክልኝ፤ ትራንስፎርመሩን የምገዛልህ ዋቱን አይቼ ነው። እሱ ከደረሰህ በኋላ ደግሞ የሁለቱንም ማጫወቻ ክብ፣ ሸክላው እየዞረ፣ ፎቶ አንሥተህ ላክልኝ።